አደጋ ሳይደርስ ቤትን ማሰናዳት

(በሮቤ ከተማ ለበጎ አድራጊዎችና የቲሞችን ለሚያሳድጉ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)





ከጎባ፣ ከዲንሾ፣ ከአጋርፋና ከሲናና በዚህ ብርድ ተነሥታችሁ ስለመጣችሁ ምስጋናችን የላቀ ነው። ዛሬ የምንነጋገረው እንደ ወትሮው ስለ ደብተርና ስለ ትምህርት ቤት ልብስ አይደለም። ስለ ጎርፍ፣ ስለ እሳት፣ ስለ ድርቅና ስለ ሰብል በሽታ ነው፤ ባጭሩ ሳይታሰብ መጥተው ቤትን ስለሚመቱ ነገሮች። ይህን ርእስ ያነሣነው ሰው ለማስፈራራት ብለን አይደለም። አባት የሌለበት ቤት ለእነዚህ ነገሮች ከሌላው ይልቅ የተጋለጠ መሆኑን፣ ምናልባትም ዘግይተን፣ ስለተረዳን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዐዋቂዎች ባሉበት ቤት ሌሊት ውሃ ቢገባ አንዱ ሕፃን ያነሣል፣ ሌላው ከብት ይፈታል። አንዱ አሮጊቷን ይደግፋል፣ ሌላው እህሉን ወደ ቆጥ ያወጣል። በየቲም ቤት ግን ይህ ሁሉ የሚወድቀው በአንዲት እናት፣ አንዳንዴም በአንዲት አያት ትከሻ ላይ ነው። ያላት ሁለት እጅ ብቻ ነው። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ከሚሠራው ሥራ ግማሹ ቀደም ብሎ፣ በብርሃንና በሰላም ጊዜ ተሠርቶ መጠበቅ አለበት። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

አንዳንድ ወንድሞች “እኛ ደገኞች ነን፤ ጎርፍ የቆላ ችግር ነው” ሲሉ እንሰማለን። የድሬዳዋን ነገር ማስታወስ ይበቃል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሊያልቅ ሲል፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን መታ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩም መጠለያ አጡ። ያንን ውሃ ያመጣው በአብዛኛው ከከተማዋ በላይ ባሉት የሐረርጌ ደጋዎች የጣለው ዝናብ ነበር። የእኛም ወንዞች ጠባይ ከዚህ የራቀ አይደለም። ሻያም ሆነ ቶጎና፣ ወይብም ጭምር፣ ውሃቸውን የሚያመጡት ከባሌ ተራሮች ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ አለው፣ ሮቤ ደግሞ ከዚያ ወደ 1,900 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ሰማዩ በሮቤ ላይ ጠርቶ ሳለ በላይ በሳነቴ በኩል ዝናብ ሊጥል ይችላል። ውሃ ለመቅዳት ወይም ከብት ለማጠጣት ወደ ወንዝ የሚወርደው ልጅ ይህን ማወቅ አለበት፦ ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ ማምጣት ከጀመረ፣ ከላይም ጉምጉምታ ከተሰማ ጀሪካኑን ጥሎ ወደ ከፍታ መውጣት ነው። ጀሪካን ይገዛል። ጉልበት የማይደርስ ውሃ እንኳ ፈጣን ከሆነ ዐዋቂን ሰው ይጥላል፤ ልጅንማ ይወስዳል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ የደረሰውን የመሬት መንሸራተት ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከ200 የሚበልጡ ወገኖቻችን ያለቁበት አደጋ ነው። ልብን የሚሰብረው ደግሞ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የመጡ ጎረቤቶች መሆናቸው ነው። እነርሱ እየቆፈሩ ሳለ ተራራው ለሁለተኛ ጊዜ ተናደ። እኛ ይህን የምናነሣው ለወገን መድረስ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም፤ ከዚህ የሚበልጥ በጎ ሥራ ምን አለ? ነገር ግን ዝናቡ ሳያባራ ገደል ሥር የሚሰበሰብ ሰው ሁሉ፣ በተለይም ልጆች የሚጠብቁት ሰው፣ ቢያንስ አንድ ወገን ከላይ ያለውን መሬት እንዲመለከትና ስንጥቅ ሲያይ እንዲጮኽ ማቆም ይገባዋል። ልጆችም ለማየት ተከትለው እንዳይመጡ ይከልከሉ።

ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብዙ አንናገርም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ የነበረው መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል፤ አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። ለእኛ ቤት የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው፤ ሕፃናት ከሚተኙበት በላይ ድንጋይ ወፍጮ፣ ከባድ ሣጥን ወይም የእህል ጆንያ በቆጥ ላይ አይቀመጥ።

ወደ እሳት እንምጣ። የባሌ ሰው የደን እሳትን ያውቀዋል፤ በ1992 ዓ.ም. በድርቁ ወራት የሐረና ደንና አካባቢው ለሳምንታት ሲነድ ያዩ ሽማግሌዎች እዚህ ተቀምጠዋል። ነገር ግን በቤት ውስጥ ያለው እሳት ይበልጥ ያሳስበናል። ሣር ክዳን ያለው ጎጆ አንዴ ከተያያዘ ለመውጣት ያለው ጊዜ እጅግ አጭር ነው። እናት ገበያ ስትሄድ ምድጃውን የምትጠብቀው የሰባት ዓመት ልጅ ከሆነች፣ ከሁሉ አስቀድማ መማር ያለባት እሳት ማጥፋትን ሳይሆን ታናሽዋን ይዛ መውጣትን ነው። ኩራዝ ከአልጋና ከመጋረጃ ይራቅ። ልብሱ ላይ እሳት የተያያዘ ልጅ አይሩጥ፤ መሬት ላይ ይንከባለል፣ ወይም በጋቢ ይጠቅለል። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማፍሰስ እንጂ ቅቤ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና መቀባት ጉዳቱን ያብሳል።

ከነበልባሉም በላይ ዝም ብሎ የሚገድለው ከሰል ነው። የጎባን ሌሊት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ልጆች እንዳይበርዳቸው ተብሎ ፈርኔሎው ወደ መኝታ ክፍል ይገባል፣ በርና መስኮት ይዘጋል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ አይታይም፤ ሽታም የለውም። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያንቀላፋል፤ የተኛ ሰው ግን ይህን ሳያውቅ ይቀራል። ከሰሉ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም ጋዙ አይቆምም። ስለዚህ ፈርኔሎ ከመኝታ በፊት ወደ ውጭ ይወጣል፤ ይህ ልዩ ሁኔታ የለውም። ለብርዱ አንድ ተጨማሪ ብርድ ልብስ ያስፈልጋል፣ ይህንንም ማቅረብ የእኛ የለጋሾች ድርሻ ነው። ብርድ ልብስ ሳንሰጥ “ከሰል አታስገቡ” ብንል ምክራችን ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደ እህሉ እንግባ፤ በዚህ ላይ ትንሽ እንቆያለን።

በባሌ ደጋ ቤትን በዝምታ የሚያፈርሰው አደጋ ብዙ ጊዜ ከማሳ ይነሣል። በ2003 ዓ.ም. መኸር ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ አገሪቱን ሲያዳርስ፣ በሰፊው ይዘሩ የነበሩት ኩብሳና ገላማ የተባሉ ዝርያዎች ተመቱ። ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ወደተባለው ዝርያ ዞረ። ዞሮም ብዙ ሳይቆይ፣ በ2006 ዓ.ም. ሌላ ዓይነት በሽታ፣ የግንድ ዋግ፣ ያንኑ ዲገሉን በዚሁ በባሌ መታው። መታጨድ የቀረበ የሚመስል ማሳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ገለባ ሆነ። በዚያን ጊዜ ስንዴም ገብስም ባቄላም የዘራ ሰው ከአንዱ ተርፎታል፤ መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ በአንድ ዝርያ ላይ የተመካችው መበለት ግን ምን ነበራት? እዚህ ላይ ለእናቶች የምንለው፣ መሬታችሁን ለእኩል ስትሰጡ ምን እንደሚዘራ የመናገር መብት አላችሁ። ጥቂቱ እንኳ ለገብስና ለባቄላ ይቅር በሉ።

ከቆላው ወንድሞቻችን ደግሞ ሌላ አይተናል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲቀሩ በቦረና፣ በሶማሌ ክልልና በባሌ ቆላዎች ከብት ያለቀበት ቤተሰብ ስፍር ቁጥር የለውም። ከእነርሱ አንዳንዱ ወደ ደጋ ዘመድ ዘንድ ልጆቹን ላከ። ስለዚህ የአንድ ደጋ ቤት ስንቅ ሲታሰብ ሊመጣ የሚችለውም እንግዳ ልጅ አብሮ መታሰብ አለበት።

ስንት ይበቃል? በአገራችን በእርዳታ አሠራር ለአንድ ሰው ለወር የሚመደበው 15 ኪሎ እህል፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ነው። እናትና አራት ልጆች ላሉበት ቤት በወር 75 ኪሎ እህል ማለት ነው። እንግዲህ አንድ ኩንታል አንድ ወር ከሳምንት በላይ ያዘልቃል። ሦስት ወር እንድታስቀምጥ ብንጠይቃት የማይቻለውን እየጠየቅናት ነው፤ አንድ ኩንታል ሳይነካ እንዲቀመጥ ግን ይቻላል። አዲሱ ምርት ሲገባ አሮጌው ይበላል፣ በምትኩ አዲሱ ይቀመጣል። የነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ ሲነገር ሁላችን የምናስታውሰው ሰባቱን የጥጋብና ሰባቱን የድርቅ ዓመታት ነው፤ እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ መታዘዙን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ማከማቸት ብቻውን አልበቃም፤ እንዴት እንደሚከማችም ተነግሯል።

ይህን የምንለው ጥፋታችንን ይዘን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በነሐሴ ወር ለአንዲት እናት ሁለት ኩንታል ስንዴ ሰጠን፣ አስፈረምን፣ ደስ ብሎን ተመለስን። ስንዴው በገና ወቅት የደረሰ ነበር፤ በእኛ አገር የገና ሰብል የሚታጨደው በክረምቱ ዝናብ መካከል መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ። አልደረቀም ነበር። የት እንደምታስቀምጠው አልጠየቅንም። በኅዳር ስንመለስ ሻግቶ ለዶሮ ተሰጥቶ አገኘነው። እናትየዋ “አማናችሁን አበላሸሁ” ብላ አፍራ ለማንም አልተናገረችም፤ የነገረን ትልቁ ልጇ ነው። ያበላሸነው እኛ ነን።

እህል መድረቁን ለማወቅ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት እህልና በምድጃ የደረቀ ጨው አድርጋችሁ በደንብ ነቅንቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነውና ወደ ፀሐይ ይመለስ። ከደረቀ በኋላ ጆንያው መሬት ላይ ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳም ራቅ ብሎ ይቀመጥ። ፒክስ የሚባለው ከረጢት፣ ሁለት የላስቲክ ውስጥና አንድ ጆንያ ውጪ ያለው፣ በደንብ ከታሰረ አየር ስለማያስገባ ነቀዙ ያለ መድኃኒት ይሞታል። ከተራው ጆንያ ይወደዳል፤ በጥንቃቄ ከተያዘ ግን ከአንድ ዓመት በላይ ያገለግላል። በገበያ የሚሸጠውን የነቀዝ እንክብል ግን አንድ ክፍል ብቻ ባለው ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታግቡ። እንክብሉ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ነቀዙን የሚገድለውን መርዛም ጋዝ ያወጣል፤ ያው ጋዝ እዚያው የተኛውን ልጅም ይገድላል።

ከእህል ሌላ እሳት ሳይነድ የሚበላ ነገር ያስፈልጋል። በውጭ አገር በተዘጋጁ ጽሑፎች ላይ የቆርቆሮ ምግብና ብስኩት ተዘርዝሮ እናያለን። አያቶቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ፈትተውታል። በሶና ቆሎ አለ። ከሁሉም በላይ ጩኮ አለ፦ የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ቅመም። ለወራት ይቆያል፣ ጥቂቱ ያጠግባል፣ ልጅ ይወደዋል። ልጅ ስለሚወደውም መቀመጫው ከፍ ቢል አይከፋም።

ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ ብቻ ለሰው በቀን ሦስት ሊትር ውሃ ብንቆጥር፣ ለአምስት ሰው 15 ሊትር ነው፤ ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን አንድ ቀን ያውላል ማለት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ጀሪካን ክዳናቸው ተዘግቶ ይቀመጡ፣ ውሃውም በየጊዜው ይለወጥ። ከጎርፍ በኋላ ምንጭና ጉድጓድ ንጹሕ መስሎ ቢታይም ይፈላ፣ ወይም በውሃ አጋር ይታከም።

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እህል ይተካል፤ ወረቀት ግን በቀላሉ አይተካም። በየቲም ቤት ወረቀት ማለት የልጆቹ ርስት ማለት ነው። የመሬት ይዞታ ደብተር፣ የአባት የሞት ምስክር ወረቀት፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የፍርድ ቤት የወራሽነትና የሞግዚትነት ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የጤና መድን ደብተር። እነዚህ ተቃጥለው ወይም ታጥበው ቢሄዱ፣ የልጆቹን መብት የሚያስረዳው የዘመድ ቃል ብቻ ይሆናል። አጎት ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም፤ የወንድሙን ልጆች ከራሱ ልጆች አብልጦ ያሳደገ አጎት እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ። ሆኖም ለደግ አጎትም ቢሆን ወረቀት መኖሩ ከሐሜት ያድነዋል።

እነዚህ ሁሉ ባንድ ወፍራም ላስቲክ ተጠቅልለው፣ በትንሽ ቦርሳ ሆነው፣ ከበሩ አጠገብ ትልቁ ልጅ በሚደርስበት ከፍታ ይሰቀሉ። በሣጥን ተቆልፈው ቁልፉ በእናት ወገብ ላይ ከሆነ እሳት በተነሣ ጊዜ አይጠቅሙም። ቅጂያቸው እምነት በሚጣልበት አንድ ሰው ዘንድ፣ ሌላ ቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ስልክ ያለው በፎቶ ቢይዘውም ጥሩ ነው፣ ለብዙ ሰው ማሰራጨት ግን አይገባም። የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ በመደበኛነት የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት አባታቸው የሞተባቸው ብዙ ልጆች ምንም ወረቀት የላቸውም። ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ ወደ ቀበሌ መሄድ ይሻላል።

ወረቀት የማይዘውም ነገር አለ። አባት በድንገት ሲሞት በልቡ የያዘው ሁሉ አብሮት ይሄዳል፦ ማን ተበደረው፣ ከማን ተበደረ፣ የማሳው ድንበር የትኛው ድንጋይ ነው፣ ላሚቱ በማን ዘንድ ናት። ዕዳን መጻፍ በዲናችን የታዘዘ ነው፤ ስንቶቻችን ጽፈነዋል? ይህ የደረሰባት እናት ያንኑ ስሕተት እንዳትደግመው እንለምናታለን። ትልቁን ልጅ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ በማሳው ዙሪያ ይዛ ትዙር፣ ድንበሩን ታሳይ፣ ያለውንና የሌለውን ትንገረው።

ትንንሾቹ ደግሞ ስማቸውን እስከ አያት፣ የእናታቸውን ስም፣ ቀበሌያቸውን መናገር ይማሩ። የአራት ዓመት ልጅ እናቱን “እማ” ብቻ ብሎ የሚያውቃት ከሆነ፣ በግርግር የጠፋ ዕለት የማን ልጅ እንደሆነ ማን ይወቅ? ቤተሰቡ ከቤት ወጥቶ የሚገናኝበት አንድ ቦታም ይወሰን፤ መስጊዱ ወይም የታወቀ ዛፍ ሊሆን ይችላል። ልጆች፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ እናት ለማታውቀው ሰው “ለጊዜው ይቆዩልህ” ተብለው አይሰጡ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 መሆኑ በግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ ከዚህም ይልቅ በሌሊት መኪና ወይም ባጃጅ ያለው ጎረቤት ቁጥር ይጻፍ።

ለለጋሾቻችን አንድ ግልጽ ቃል አለን። ልገሳችን በአብዛኛው የሚመጣው በረመዷን ነው፣ ወይም አደጋ ደርሶ ፎቶው ከታየ በኋላ። ረመዷን ደግሞ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ አንዳንድ ዓመት ከእህሉ መርከሻ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት ከውድነቱ ጋር። በባሌ ደጋ የቦና ሰብል ታጭዶ እህል ደረቅና ርካሽ የሚሆነው በታኅሣሥና በጥር ነው። በዚያን ጊዜ የተገዛ ኩንታል ክረምት ከሚገዛው ይረክሳል፣ አይሻግትምም። ዘካን አስቀድሞ ስለማውጣት ዑለማዎቻችንን ጠይቁ፤ ሰደቃ ግን ወቅት የለውም። ስለዚህ የዘንድሮን እገዛ በሁለት ከፍለን፣ አንዱን ለቦና አዝመራ እንድናደርገው እንለምናችኋለን።

እድሮቻችንም ደንባቸውን ይመልከቱ። አብዛኞቹ የሚከፍሉት ሰው ሲሞት ነው። ቤት ሲቃጠልም እንዲከፍሉ አንድ አንቀጽ መጨመር ከባድ አይደለም። ቡሳ ጎኖፋ በኦሮሞ ባህል ከብቱን ወይም ንብረቱን ያጣ ሰው በወገኑ መልሶ የሚቋቋምበት ሥርዓት ነው፤ የኦሮሚያ ክልልም በ2014 ዓ.ም. አካባቢ በተቋም ደረጃ አደራጅቶታል። እናቶች ስማቸው በቀበሌው መዝገብ መኖሩን አደጋ ሳይመጣ ያረጋግጡ።

ስንወጣ በበሩ በኩል ለእያንዳንዱ የቲም ቤተሰብ አንድ ፒክስ ከረጢት፣ አንድ የወረቀት ማስቀመጫ ቦርሳና አንድ ብርድ ልብስ ተዘጋጅቷል። የሻያ ዳር ቤተሰቦች አስቀድመው ይውሰዱ። የልደት ምስክር ወረቀት የሌላቸው ልጆች ስም የሚመዘገብበት ደብተርም እዚያው ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ምስክር መሆን የሚችሉ ሽማግሌዎች እስከ ዐስር ሶላት እንዲቆዩልን እንጠይቃለን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።